«መጣን» ያለኝ ወንድሜ

በአገራችን ሰው ከደጅ ሲጠራን «መጣሁ» እንላለን። ምስሩን እየለቀምን፣ ከመደቡ ገና ሳንነሳ «መጣሁ» እንላለን። የጠራንም ሰው አይታዘበንም፤ ልንነሳ እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን ይህን ቃል መናገር ካቆምኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ልጄ ለምን እንደሆነ ደጋግማ ጠይቃኛለች። አፍ አውጥቼ ልነግራት ስጀምር እንባ እየቀደመኝ ተቸገርኩ፤ ስለዚህ ጻፍኩላት።

ወንድም የነበረኝ አንድ ነው። እናታችን እሱን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ አረፈች፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ባል ሳገባም ይዤው ገባሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩበትም። ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ሲገባ ስንቁን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ። ቅኔውን ተምሮ ሲያበቃ የፈረንጅ ትምህርት አማረውና አዲስ አበባ ሄደ፤ እንግሊዝኛ ጀመረ። ትምህርቱን ሳይጨርስ ጣልያን ገባ። የተማረ የተባለ ሁሉ ሲታደን በእግሩ አምልጦ እኛ ቤት መጣ።

ቤታችን ከአማኑኤል ከተማ በታች፣ ከዋናው መንገድ ራቅ ባለች መንደር ነበር። ወንድሜ የጣልያንን ዘመን እኛ ጓዳ ተደብቆ አሳለፈው። ለሚጠይቀን «የቆሎ ተማሪ ነው፤ ታሞብን ነው» እንል ነበር። ባለቤቴ ከአርበኞች ጋር ዱር ናቸው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይገባሉ። ያለችንን እህል ለዱሩና ለጓዳው አካፍለን በላን። ተመስገን፣ አላለቀችብንም።

ወንድሜ እንግሊዝኛው እንዳይጠፋው ጠዋት ጠዋት እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። እኔ እንዝርቴን እያሾርኩ እሰማዋለሁ። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ከዱር ገብተው እግራቸውን ሳጥባቸው ወደ ጓዳው ጆሮ ሰጡ።

«የኔታ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስለፈልፍህ?» አሉት። ለቀልድ «የኔታ» ነበር የሚሉት።

«የነገን ነገር እያጠናሁ ነው፣ ጋሼ።»

«ነገ ይጠናል እንዴ?»

«በእንግሊዝኛ ይጠናል። እኛ ‹ይመጣል› ስንል አሁን የሚመጣውም፣ ነገ የሚመጣውም፣ በየሳምንቱ ለገበያ የሚመጣውም አንድ ነው። እንግሊዝ ግን ለነገ የምትገባ ቃል አለችው፤ ‹ዊል› ትባላለች። እሷን ካላስገቡ ነገ የለዎትም።»

«እንግዲያ ያቺን ቃል ለጣልያን እንዳታስተምራት» አሉ ባለቤቴ።

ሦስታችንም ሳቅን። በዚያ ዘመን ቤታችን ብዙ አይሳቅም ነበርና አልረሳሁትም።

«መምህራችን ከሁሉ የሚቆጣው በዚህች ነገር ነበር» አለ ወንድሜ። «ስለ ነገ ስንናገር ወይ ‹ዊል›ን እንረሳታለን፣ ወይ የማትገባበት ቦታ እንከታታለን።»

«እኛ ስለ ነገ ስንናገር የምንረሳው ሌላ ነው» አልኩት። «‹እግዚአብሔር ቢፈቅድ›ን ነው።»

«እሱንማ አንቺ አታስረሽንም፣ እትዬ» አለኝ።

ጣልያን ሊወጣ በቀረበበት ዓመት ንጉሡ ከእንግሊዝ ጋር እየገቡ ነው የሚል ወሬ መጣ። የመንደራችን ሰው መጀመሪያ አላመነም። ኋላ ግን የእንግሊዝ ጦር ከእኛ ወንዝ ማዶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ያህል ርቆ ሰፈረ ተባለ። ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ አሉ። ወንድሜ ከጓዳ ወጣ። አዲስ የተሠራውን ጋቢ አለበስኩት፤ ፈትሉ የእኔ ነበር፣ ጥለቱን ቀይ አስደርጌበት ነበር። ደጅ ላይ ቆሞ፦

«እትዬ፣ እናንተ ላይ ክፉ ነገር ቢመጣ አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ» አለኝ።

እመቤታችን ደጅ ሄጄ አመሰገንኩ። ያሳደግኩት ልጅ ለአገሩ አፍ ሆነ ብዬ ደስ አለኝ።

ጾሙ እኩሌታ ሳይደርስ ባለቤቴ ቆሰሉ። ጥይት ጭናቸውን አገኛቸው። ጓደኞቻቸው በቃሬዛ አምጥተው ቤት አስተኙልኝ። ቁስሉን በጨው ውኃ አጥባለሁ፣ ጸበል እረጫለሁ። መግል ያዘ፤ ከዚያ ደግሞ እየጠገገ መጣ። ብቻ እንዳይንቀሳቀሱ ተባልን። ቢንቀሳቀሱ ይከፈታል።

በዚያው ሰሞን ጣልያን ከምዕራብ እየተገፋ ወደ ደብረ ማርቆስ መሰብሰብ ጀመረ። ሲሸሽ ባንዳውን በመንገዱ ግራና ቀኝ ይለቅቃል፤ ባንዳው አርበኛ አለበት የተባለውን መንደር ያቃጥላል። አንድ ጠዋት ጭሱን ከጎረቤት አጥቢያ ላይ አየነው። የእኛ ተራ በማግስቱ እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር። መንደሩ ወደ ገደሉ መውረድ ጀመረ፤ ከታች ዋሻ አለ።

ባለቤቴ ተጋድመው ጣራውን እያዩ፦ «ወንድምሽ ዘንድ ሂጂ» አሉኝ። «እንግሊዞቹ ዛሬ ቢነሱ ነገ ጠዋት እዚህ ናቸው። ባንዳው እነሱን ካየ ቁልቁል አይወርድም።»

ያኔ ገና የምትጠባ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ልጅ ያዘለች ሴት ማንም አይጠረጥራትም።

የእንግሊዞቹ ሰፈር ግራሮች ሥር ነበር። ወንድሜን በቀዩ ጥለት ከሩቅ ለየሁት። ሮጦ መጥቶ ልጄን ከጀርባዬ አወረደና ሳማት። አንድ መኮንን ዘንድ ወሰደኝ። ወጣት ነው፤ ፀሐይ ፊቱን አቅልቶታል፤ ጉልበቱን ሳይሸፍን የሚሄድ ሹም ያን ቀን ገና አየሁ። በጣሳ ሻይ ሰጠኝ።

«ወተት አለበት» አለኝ ወንድሜ ቀስ ብሎ።

ጾም ነው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣሳውን መለስኩ። መኮንኑ ጣሳውን እንደያዘ አየኝ።

«በይ ንገሪኝ» አለ ወንድሜ።

«መጡብን በለው» አልኩት። «ጣልያንም ባንዳውም መጡብን። ባለቤቴም ቆስለው ተኝተዋል በለው።»

ድረሱልን አላልኩም። መጡብን ያለ ሰው ድረሱልኝ ማለቱ ነው፤ ሌላ ምን ይጨምራል። ወንድሜም ቀና ብሎ ማዶ የሚወጣውን ጭስ አየና ነገሩ ገባው። ወደ መኮንኑ ዞሮ ተናገረ። መኮንኑ ባርኔጣውን አወለቀ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ቃል መለሰ።

«ምን አለ?»

«አዝኛለሁ ይላል።»

«እግዚአብሔር ይስጠው። ከዚያስ?»

የወንድሜ ከንፈር የመኮንኑን ቃል ሲደግም አየሁ፤ ጠዋት ጠዋት ጓዳ ሆኖ እንደሚያደርገው ነበር። ከዚያ ፊቱ በራ።

«እትዬ፣ ሂጂ» አለኝ። «መጣን።»

መኮንኑን እጅ ነሣሁ። ባርኔጣውን ያወለቀልኝ ለአክብሮት መስሎኝ ለእንግሊዝ እናቶች ሁሉ ጸለይኩ። ስመለስ ዳገቱ አልታወቀኝም።

መንደሩ ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከአማኑኤል ሸሽቶ እኛ ዘንድ የተጠጋ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ ጨው ይነግዳል። ከነበሩት ከብቶች አንዲት በቅሎ ቀርታዋለች። ደጃችን ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«እህቴ፣ ጨዉን አራግፋለሁ» አለኝ። «ጋሼን በቅሎዋ ላይ እናስቀምጣቸውና ቀስ እያልን ገደሉን እንውረድ። ጊዜ ሳለን ቀስ ማለት እንችላለን።»

«እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ አያስፈልግም» አልኩት። «እንግሊዞቹ መጥተዋል።»

ነጋዴው ዞሮ መንገዱን አየ። «አላየሁም እኮ።»

«ወንድሜ መጣን ብሎኛል።»

«ገበያ ላይ ስንቱ ‹መጣሁ› ብሎኝ ሄዷል፤ እስካሁን የምጠብቀው አለ።»

ባለቤቴ ከውስጥ ሰምተው፦ «የእኔን አማች ከገበያ ሰው ጋር አታወዳድረው» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ በቅሎ አቀረብኩ እንጂ አማችዎን አልነካሁም።»

«አውቃለሁ። ግን ሲያንቀሳቅሱኝ ቁስሉ ይከፈታል። የሚመጣ ካለ ልጠብቅ።»

ነጋዴው የጨዉን ጭነት አጠበቀ። ከዚያ በቅሎውን እየሳበ ከሌላው ሰው ጋር ወረደ። እኛ ሦስታችን ቀረን።

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ቆሜ ማዶ ማዶውን አየሁ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጦሩ በማዶው ሸንተረር ላይ ብቅ አለ። ሰው፣ በቅሎ፣ ጥቂት ግመልም ነበረበት። «ተመስገን» ብዬ ተንበረከክኩ። ቀና ስል ግን ወደ እኛ የሚወርደውን መንገድ አልፈውታል። ወደ አማኑኤል አቅንተዋል። ከመካከላቸው ቀዩን ጥለት አየሁት። ወንድሜ በቅሎ ላይ ነበር። ነጠላዬን ከራሴ ገፍፌ አውለበለብኩ። በቅሎው አልቆመም።

«ደረሱ?» አሉኝ ባለቤቴ ከውስጥ።

«እያለፉ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ አማኑኤል።»

ፊታቸውን ወደ ልጃችን መለሱ። ከዚያ «ልጅቱን አጥቢያት» አሉኝ። «መንገድ ሊኖርብሽ ይችላል።»

ባንዳው ከቀትር በኋላ ከላይኛው መንደር ታየ። እኔ ባለቤቴን ብቻዬን ማንሳት አልችልም፤ ጥያቸውም አልሄድም። አጠገባቸው ተቀምጬ ውዳሴ ማርያሜን ጀመርኩ። ሳልጨርስ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። ጨው ነጋዴው ነበር። ጭሱ ሲጠጋ ከዋሻው አይቶ ባዶ በቅሎውን ይዞ ተመልሷል። አንድም ቃል ሳይናገር ባለቤቴን በብብታቸው ያዘ። አምላክ ያንን ሰው እስከ ዛሬ ከጸሎቴ አላስጎደለብኝም።

ቀስ ማለት ግን አልቻልንም። የገደሉን ቁልቁለት በሩጫ ወረድነው። ከግማሽ መንገድ ዞር ስል ቤታችን ይነድዳል። ዋሻው ስንደርስ የበቅሎዋ ጎን በደም ርሶ ነበር።

ባለቤቴ ጥቂት ቀን ቆዩ። ቁስሉ እንደገና አልጠገገም። የአጥቢያችን ቄስ ታቦቱን ይዘው እዚያው ዋሻ ነበሩና ንስሐቸውን ተቀበሏቸው፣ አቆረቧቸው። ለዚህ አመሰግናለሁ፤ በዚያ ዘመን ስንቱ ያለ ካህን ቀርቷል። ሊያርፉ ሲሉ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ወንድምሽ መጣን ነው ያለሽ?»

«ብሎኛል።»

«እንግዲህ ቀሩ አይባልም» አሉ። «መጥተዋል።»

ፈገግ አሉ። የነገሩኝ የመጨረሻ ቀልድ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወንድሜን ከልቤ አወጣሁት። ደብረ ማርቆስ ነጻ ወጣች ሲባል ሰው እልል አለ፤ እኔም አልኩ። ወንድሜ እዚያ ከእንግሊዞቹ ጋር እንዳለ፣ ቆዳ ጫማ እንዳደረገ፣ ሰው ሁሉ «አስተርጓሚው» እያለ እንደሚነሳለት ከገበያ የሚመለሱ ነገሩኝ። ጓዳዬ የደበቅኩት ልጅ፣ ጥሬ ሳጣ ከአፌ ነጥቄ ያበላሁት ልጅ፣ በማዶ አልፎኝ ሄደ። ከዚህ ሌላ የማውቀው አልነበረም።

የባለቤቴ አርባ ከፋሲካ በኋላ ዋለ። በተቃጠለው ቤት አጠገብ ዳስ ጣልን። ያለው ያለውን አመጣ። ሰው ዳዊት ሲደገም እየሰማ ሳለ ወንድሜ መጣ። ጫማውን ከዳሱ ውጪ አወለቀ። ለተዝካር የመጣ ሰው አይመለስምና ማንም ሂድ አላለውም፤ ተቀመጥም ያለው ግን የለም።

አንዲት ጎረቤቴ ውኃ ይዛ ስታልፍ ጫማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ፦ «ጫማህ ያምራል» አለችው። «በማን ነው የለወጥከው?»

ሰዉ በልቶ ቀለል ሲል ወንድሜ መጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ልንገርሽ።»

አላየሁትም። እሱ ግን ቀጠለ።

«በቀደም መኮንኑ ጠየቀኝ። ‹እህትህ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዴት ናት?› አለኝ። ‹ባሏ የሞቱት እኛ ዘንድ መጥታ ከተመለሰች በኋላ ነው› አልኩት። ደነገጠ። ‹ወደ እኔ ስትመጣ እኮ ሁሉም አልቋል ብለኸኝ ነበር› አለኝ።»

«አልቋል አልኩ እንዴ እኔ?»

«አንቺ ‹መጡብን› አልሽ። እኔ ቃሉን እንዳለ ወስጄ ‹ኬም› አልኩት። እኛ ‹መጡብን› ስንል ሊደርሱብን ነው ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ ግን ‹ኬም› ካልሽ መጥተዋል፣ የሚያደርጉትን አድርገዋል፣ ሄደዋል። ‹ካሚንግ›፣ እየመጡ ነው፣ ነበር ማለት የነበረብኝ። ‹ቆስለው ተኝተዋል› ያልሽውንም እንዲሁ ያለፈ ነገር አስመስዬ ነገርኩት። መንደሩ ተቃጥሎ፣ ባልሽ ሞተው፣ አንቺና ልጅሽ ብቻ የተረፋችሁ መሰለው። ሻዩንም ስትመልሺ ከሐዘን መስሎታል።»

«ባርኔጣውን ያወለቀው...»

«ለልቅሶ ነው።»

የዳሱን ምሰሶ ያዝኩ። ቅኔ ቤት የአንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲፈልግ የከረመ ሰው ነው። የእኔን ቃል ግን እንደሰማው ወሰደው።

«‹መጣን› ያልከኝስ?»

«መኮንኑ ያለው ‹እንመጣ ነበር› ነው። ባወቅን ኖሮ እንመጣ ነበር ማለቱ ነው። እኔ ‹ዊ›፣ እኛ፣ የምትለውንና ‹ካም›፣ መምጣት፣ የምትለውን ሰማሁ፤ በመካከል ያለችው አመለጠችኝ። ስለ ነገ የሚናገር ስለመሰለኝ ‹ዊል› ናት ብዬ ‹እንመጣለን› አደረግኩት። ላልሆነ ነገር የምትገባው ‹ዉድ› ነበረች። ለአንቺ ደግሞ እንዳትፈሪ ብዬ ‹መጣን› አልኩሽ።»

እንመጣ ነበር። እንመጣለን። መጣን። በልቤ ደጋገምኳቸው። ያ ሁሉ መንገድ ከአንዱ አፍ እስከ ሌላው ጆሮ ድረስ ነበር።

«በማዶ ስታልፉ አይቼሃለሁ» አልኩት።

«እኔም አይቼሻለሁ» አለኝ። «ነጠላሽን ስታውለበልቢ አይቻለሁ። አማኑኤል ደርሰን የምንመለስ መስሎኝ ነበር። መኮንኑን ‹እህቴ ቤት መቼ እንሄዳለን?› አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና አንድ ነገር ተናገረ። አልገባኝም።»

«አልገባኝም አልከው?»

አንገቱን ደፋ።

«ወንድሜ፣ አልገባኝም አልከው ወይ?»

«አፈርኩ፣ እትዬ። ሰው ሁሉ አስተርጓሚው እያለ ይጠራኛል። አልገባኝም ማለት አፈርኩ።»

እስከዚያ ድረስ ልቤ እየለዘበ ነበር። ቃል ተሳስቶ እንጂ ከድቶ አይደለም ብዬ ላቅፈው ነበር። ይህን ሲለኝ ግን እጄ አልታዘዝልኝ አለ። ለጫማ ለውጦን ቢሆን ሰይጣን አሳሳተው እል ነበር። እሱ ግን ነጠላዬን አይቶ፣ ያልገባውን አውቆ፣ ሁለተኛ ለመጠየቅ አፍሮ አለፈ። ባለቤቴ ከገበያ ሰው ጋር እንዳይወዳደር የከለከሉት ይህንኑ ሰው ነበር።

ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያየን ነበር። ተነስቼ እንጀራ አቀረብኩለት። የባለቤቴን ተዝካር ሊያስብ የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድም። እንባው እየወረደ በላ። እኔ ሌማቱን ይዤ ወደ ሌሎቹ ሄድኩ።

ንስሐ አባቴ ይቅር በዪው አሉኝ፤ ይቅር አልኩት። አውቄ ያደረግኩት ይቅርታ ነው፤ ልቤ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚከተለኝ፣ አንዳንድ ቀን አይከተለኝም። ቤቴን መልሶ የሠራልኝ እሱ ነው። ልጄን ደብረ ማርቆስ ወስዶ ያስተማራትም እሱ ነው። ስለዚህም አመሰግነዋለሁ።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ ቀረ። ልጄ እንደነገረችኝ ስለ ነገ መናገርን ሲያስተምር «ገባን» የሚለውን ክፍል አያምንም። ጠመኔውን ይዞ ይቆማል። ከልጆቹ አንዱ ተነስቶ «አልገባኝም» እስኪል ድረስ አይቀጥልም። አንድም ልጅ ካልተነሳ ጊዜው እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይቆማል አለችኝ። ተማሪዎቹ ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ ይስቁበታል።

ለበዓል ሲመጣ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ «እትዬ» ይለኛል። እኔ «መጣሁ» አልለውም። እንዝርቴን አስቀምጣለሁ፣ ነጠላዬን አስተካክላለሁ፣ ግቢውን አቋርጬ በሩን እከፍታለሁ። እንደ ቆመ አገኘዋለሁ። ሁለተኛ አይጠራኝም።